የምርጫ ማግሥት ቁርስ

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግማሹ ዓለም አንድ የጭስ ማውጫ ላይ አንጋጦ ነበር። 133 ካርዲናሎች ሮም ውስጥ ሲስቲን በሚባለው ጸሎት ቤት በር ተዘግቶባቸው፣ 89 ድምፅ የሚያገኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ይመርጣሉ። በሁለተኛው ቀን ነጭ ጭስ ወጣና አዲሱ ጳጳስ ሊዮ 14ኛ ተባሉ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ያለው ካፌ ሳይቀር የካርዲናል አሰላለፍ ሲተነትን ነበር የሚውለው። “ኮንክሌቭ” የተባለውን የ2024 ፊልም ያየ ሁሉ፣ ልክ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ተንታኝ “ጣሊያኖቹ አይለቁም!” ይል ነበር።

እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚገርመኝ ጭስ የሌለው ምርጫ ነው። የሲስተሮች ምርጫ።

በዓለም ላይ ያሉ የካቶሊክ ደናግል ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከካህናቱም በቁጥር ይበልጣሉ። በየማኅበራቸው ሆነው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የሕፃናትና የአረጋውያን ቤት ያስተዳድራሉ። እያንዳንዱ ማኅበር በየጥቂት ዓመቱ አለቃውን ይመርጣል። ካሜራ የለም፣ ፖስተር የለም፣ “ምረጡኝ” የለም። በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ዓለም ላይ ስንት እንዲህ ያለ ምርጫ እንደሚካሄድ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

“አንተ ደግሞ የሲስተር ምርጫ ምን አገባህ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ካቶሊክ አይደለሁም። ነገርየው ግን ምርጫ ነው። ምርጫ ደግሞ ያገባኛል።

የኔ ትውልድ ምርጫ ሲባል የሚያውቀው ወይ ጭብጨባ ነው፣ ወይ ፍርሃት። “ዘጠና ሰባት” የሚለው ቁጥር ብቻውን ስንት ነገር እንደሚቀሰቅስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን የአገሩን እንተወውና ስለ ትንሹ እናውራ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንዲት ማኅበር ነበረችን። 30 ነበርን። ልብስና ደብተር ሰብስበን ለተቸገሩ ተማሪዎች እንሰጥ ነበር። አንድ ቀን “ሊቀመንበር እንምረጥ” ተባለ። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ፣ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ። 17 ለ13። ማንም አላጭበረበረም። ማንም ማንንም አላስፈራራም። በሦስተኛው ሳምንት ግን 13ቱ አልነበሩም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ማኅበሯም አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አለ። ምርጫው ንጹሕ ሆኖ መራጮቹን ከበታተነ ምን አተረፍን? እኛ ተነሥተን መሄድ እንችል ነበር፤ ሄድን። መሄድ የማይችሉ ሰዎችስ እንዴት ነው የሚመርጡት? እስከ ዕለተ ሞታቸው አብረው ሊኖሩ ቃል የገቡ፣ ምርጫው ባለቀ ማግሥት ካልመረጧት ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ የሚበሉ?

ሲስተሮቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

*

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ ሕጉ ራሱ ያስቃል፣ ያስቀናልም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ስለ ማኅበራት አለቆች ምርጫ የሚለው ብዙ ነው። አንዱ አንቀጽ፣ መራጮቹ ለራሳቸውም ሆነ ለሌላ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ድምፅ ከማሰባሰብ እንዲቆጠቡ ያዛል። በሌላ አነጋገር የምርጫ ቅስቀሳ ክልክል ነው። “በተዘዋዋሪ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። “እኔ እንኳ አልፈልግም፣ ሰዎች ግን ግባ ግባ እያሉኝ ነው” የምትለዋን የአገራችንን ብልሃት ያወቀ ሰው የጻፋት ትመስላለች።

ድምፁ ነጻና ምስጢራዊ መሆን አለበት። በከባድ ፍርሃት ወይም በማታለል የተሰጠ ድምፅ ዋጋ የለውም። ድምፅ የሚቆጥሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሰየማሉ። ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት ከመራጮቹ ቁጥር ከበለጠ ምርጫው ከንቱ ነው። (አዎ፣ እኔም ሳነብ ቆም ብያለሁ። መነኮሳትም ዘንድ ይህ መጻፍ ነበረበት!) የተመረጠችው ሴት ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ እሺ ወይም እንቢ ማለት አለባት።

ሌላው አንቀጽ ስለ ዘመን ነው። አለቆች የሚሾሙት ለተወሰነ ጊዜ ነው። በአንዳንድ ገዳማትና በማኅበሩ ጠቅላላ አለቃ ላይ የየማኅበሩ ደንብ ከዚህ ሊለይ ይችላል። የሆነ ሆኖ ሕጉ፣ ሰዎች ያለ ዕረፍት ለረጅም ዘመን አስተዳደር ላይ እንዳይቆዩ በደንባችሁ መላ አብጁ ይላል። “ያለ ዕረፍት” ነው የሚለው። ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ ሌላው ላይ መቀመጥን ሳይቀር አስቦበታል።

ሕግ ግን አጥር ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ ውስጥ ያለውን አያበቅልም። ሲስተሮቹ ውስጥ የሚያበቅሉት ነገር በእንግሊዝኛው ዲሰርንመንት ይባላል። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ “መናፍስትን መለየት” ከሚለው ጋር ይዛመዳል። እኔ ዝም ብዬ “ማስተዋል” ብዬ ልጥራው።

*

የማስተዋልን ነገር በደንብ ያብራራው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የሚባል የስፔን ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ፓምፕሎና ላይ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። አልጋ ላይ ወራት ሲያሳልፍ በሐሳብ ይጋልባል። አንዳንዴ ስለ ጀግንነትና ስለ ወይዛዝርት ያልማል፤ አንዳንዴ ስለ ቅዱሳን ሕይወት። ሁለቱም በሚያልማቸው ሰዓት ደስ ይሉታል። ልዩነቱ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሲያልፍ ደረቅ አድርጎት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ግን ካለፈም በኋላ ሰላሙ አይጠፋም። ማስተዋል ማለት ከዚህ ጀመረ። ሐሳቡ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ሲሄድ ምን ትቶ እንደሚሄድ ማየት።

ይህ የአንድ ሰው ነው። የብዙ ሰው እንዴት ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1539 ኢግናጥዮስና ጓደኞቹ ሮም ላይ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። ከመካከላችን አንዱን አለቃ አድርገን እንታዘዝለት ወይስ እንተወው? ለሦስት ወር ያህል መከሩ። ያደረጉትን ስሰማ ቀናሁ። አንድ ቀን ሁሉም ሰው አለቃ መኖሩ የሚያመጣውን ጣጣ ብቻ ያቀርባል። የሚደግፈውም ጭምር። በሌላው ቀን ደግሞ ሁሉም ጥቅሙን ብቻ ይናገራል። የሚቃወመውም ጭምር። በየመካከሉ ሌላውን ለማሳመን መሮጥ የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጸልያል፣ ያስባል።

እስቲ ይህን በእኛ ስብሰባ ላይ አስቡት። ደጋፊው ተነሥቶ የተቃዋሚውን ነጥብ በቅንነት ሲያስረዳ! እኛ አንድ ጊዜ አቋም ከያዝን አቋማችን ክብራችን ይሆናል። ከአቋማችን ፈቀቅ ማለት መዋረድ ነው። በእነሱ አካሄድ ግን ሁሉም በሁለቱም ወገን ስለቆመ ማንም “ተሸነፍኩ” ብሎ የሚወጣበት በር የለም።

*

አንዲት የማውቃቸው ሲስተር አሉ። ለ6 ዓመት በማኅበራቸው አለቃ ሆነው አገልግለዋል፤ አሁን አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የሚሠሩት። ስለ ምርጫቸው ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። “ምነው፣ ልትመነኩስ አሰብክ እንዴ?” አሉኝ። ከዚያ ግን ነገሩን ዘርዘር አድርገው አስረዱኝ። ማኅበራት በዝርዝር ይለያያሉ፤ አጥንቱ ግን በብዙ ቦታ ይመሳሰላል።

ነገሩ የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው “ማን?” አይደለም። “ማኅበራችን በሚመጡት ዓመታት ምን ያስፈልገዋል?” ነው። ሲስተሮቹ እያረጁ ነው? ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አጥሮታል? ወጣቶቹ ተከፍተዋል? ይህ ከተመለሰ በኋላ እያንዳንዷ ሲስተር ስሞችን ከነምክንያታቸው ትጽፋለች። ስሟ የተጻፈ ሲስተር ደብዳቤ ይደርሳታል። ትጸልይበታለች፤ አልችልም ካለች ምክንያቷን ትናገራለች።

እዚህ ላይ አቋረጥኳቸው። “ሲስተር፣ እኛ አገር እኮ ሁሉም መጀመሪያ ‘ኧረ እኔ አይሆንልኝም’ ይላል። ወግ ነው” አልኳቸው። እድር ላይ አይታችሁ የለ? የተጠቆመው ሰው ጊዜ የለኝም፣ ጤናም የለኝም ይላል፤ ይለመናል፤ እያጉረመረመ ይቀበላል፤ ከዚያ 20 ዓመት ይቀመጣል። የኛ ሰፈር እድር ዳኛ “አይሆንልኝም” ያሉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ራሱ አርጅቷል።

“እኛም ኢትዮጵያውያን ነን እኮ” አሉኝ። “ያው ወግ አለ። ስለዚህ ‘ምን ያህሉ ወግ ነው፣ ምን ያህሉ እውነት?’ ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። ፈርተሽ ነው? ደክመሽ ነው? ወይስ እንድትለመኚ ፈልገሽ ነው? እሱን ለይተሽ ነይ ነው የሚሉሽ።”

ከዚያ ይሰበሰባሉ። ብዙ ጊዜ ከማኅበሩ ውጭ የሆነች አወያይ ትኖራለች። ቀናት በጸጥታ ያልፋሉ። ሲወያዩ አንዷ ትናገራለች፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ዝም ይላሉ። በሁለተኛው ዙር የራስን ሐሳብ መድገም የለም። ሌላዋ ከተናገረችው ልቤን የነካው ምንድን ነው የሚለው ብቻ ነው የሚነገረው። እንደገና ጸጥታ። ውይይቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ተመሳሳይ አካሄድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቫቲካን ውስጥ በተደረገው ሲኖዶስ ላይ ጳጳሳትና ካርዲናሎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጠቀሙበት ታይቷል። በዚያ ሲኖዶስ ለመጀመሪያ ጊዜ 54 ሴቶች ድምፅ ነበራቸው፤ ከእነሱም በርካታዎቹ ሲስተሮች ነበሩ። መቼም ጠረጴዛው ላይ ማን ልምድ እንደነበረው መገመት አይከብድም።

በጣም የከበደኝ ቀጣዩ ነው። ስሟ የተነሣው ሲስተር በተቀመጠችበት፣ ሌሎቹ ስጦታዋንም ስጋታቸውንም በፊቷ ይናገራሉ። “ትዕግሥተኛ ነሽ። ሰው ሲቆጣሽ ግን ውሳኔ ታዘገያለሽ።” እሷ አትመልስም፤ ትሰማለች ብቻ።

“ይሄማ ግምገማ ነው!” አልኩ ሳላስበው። ግምገማን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ አለ? እናንተም ሳትደነግጡ አልቀራችሁም።

ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ። “ግምገማ ሰውየውን ለማውረድ ነው። እዚህ ግን የምትናገሪያት ነገ አለቃሽ ልትሆን ትችላለች፤ ወይ አንቺ አለቃዋ ትሆኛለሽ። ማታ ደግሞ አብራችሁ ዕቃ ታጥባላችሁ። አፍሽን ትጠብቂያለሽ፣ ግን አትዋሺም።”

እኛ ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ያሳፍረናል፣ ፊት ለፊት መንቀፍ ደግሞ ነውር ይሆንብናል። ስለዚህ ሁለቱንም ቡና ላይ፣ ሰውየው በሌለበት እንጨርሰዋለን። ምርጫው ቀን ላይ የቀረን ጭብጨባ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወረቀት ይታደላል፤ በምስጢር ይመረጣል፤ ይቆጠራል።

*

አሁን ስለ ሌላ ዘጠና ሰባት ላውራችሁ። ስለ ፈረንጆቹ።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ነጭ ሳሪ ሰማያዊ ጥለት ያደረጉት ሲስተሮች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከተማችን ውስጥ አሉ። ማኅበራቸውን ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1950 ካልካታ ላይ መሠረቱ። ለ40 ዓመት መሩ። በ1990 ጤናቸው ሲታወክ ልቀቅ ብለው ጠየቁ፤ ጳጳሱም ፈቀዱ። ሲስተሮቹ ተሰበሰቡና መረጡ። ማንን? ማዘር ቴሬዛን! ከራሳቸው ድምፅ በቀር ሁሉም ለእርሳቸው እንደተሰጠ ይነገራል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ማስተዋል የሚባለው ነገር ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። ይሄማ ከኛ በምን ይለያል? “ከእርስዎ ሌላ ማን አለን” የሚባለው ልመና አይደለም እንዴ? መሥራች እናት በሕይወት እያሉ፣ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው መጻፍ የምትችል ሲስተር ብዙ አትገኝም። ጸሎትም ቢሆን ከፍቅር ሊያስጥል አይችልም።

ከ7 ዓመት በኋላ ጥያቄው እንደገና መጣ። ማዘር ቴሬዛ 86 ዓመታቸው ነበር፤ ልባቸው ደክሟል። ማኅበሩ ወደ 4 ሺህ ሲስተሮች ይዞ በ123 አገሮች ተሠራጭቷል። ምርጫው በእርሳቸው ሕመም ምክንያት ተራዝሞ ነበር። ከየአገሩ የተወከሉት ሲስተሮች ለሳምንታት በጸሎትና በምክክር ቆዩ። ጋዜጠኛው ሁሉ ደጅ ላይ ይጠብቃል። መጋቢት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 1997፣ ሲስተር ኒርማላ ተመረጡ። 62 ዓመታቸው ነበር። ከሂንዱ ብራህሚን ቤተሰብ ተወልደው ካቶሊክ የሆኑ፣ በፖለቲካል ሳይንስ ማስተርስ ያላቸው፣ በጸሎት የሚኖረውን የማኅበሩን ክፍል ሲመሩ የቆዩ ሴት ናቸው።

አዲሷ አለቃ መጀመሪያ ካደረጉት አንዱ “ማዘር” አትበሉኝ ማለት ነበር። ማዕረጉ የመሥራቿ ነው፤ እኔ ሲስተር ነኝ አሉ። ማዘር ቴሬዛ ከዚያ በኋላ 6 ወር ያህል በዚያው ቤት፣ በሌላ ሴት አለቅነት ሥር ኖሩ፤ በመስከረም ወር 1997 ዐረፉ። ሲስተር ኒርማላም በ2009 ጀርመናዊቷ ሲስተር ፕሬማ ሲመረጡ ወደ ተራ ሲስተርነት ተመለሱ፤ በ2015 እስኪያርፉም እንዲሁ ኖሩ። በ2022 ደግሞ ከኬረላ የመጡት ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ተተኩ። ሦስት ርክክብ፣ አንድም መፈንቅለ ወንበር የለም።

ከዚህ በኋላ የ1990ውን ምርጫ ሌላ ዓይን ሰጥቼ አየሁት። ማስተዋል ሁልጊዜ አይሳካም፤ ማኅበሩ ያልተዘጋጀበትን ነገር በአንድ ስብሰባ ሊያመጣ አይችልም። ግን ተመልሶ የሚጠየቅበት ቀን በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ቀኑ ባይጻፍ ኖሮ ሁለተኛው ዕድል አይኖርም።

*

ሲስተሮቹን መላእክት አድርጌ መጨረስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ማኅበራትን በሚመለከተው የቫቲካን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ዠዋው ብራዝ ደ አቪስ፣ ዘመናቸው ሲያልቅ አንለቅም ያሉ የሴቶች ማኅበራት አለቆች እንደገጠሟቸው ተናግረው ነበር። ብዙ አይደሉም። አንዷ ግን እስክትሞት ለመቆየት የማኅበሩን ሕገ መንግሥት ማስቀየር ፈልጋ ነበር። ይህቺ ነገር የሆነ ቦታ የሰማናት አትመስላችሁም?

ከዚህ የባሰ አደጋም አለ። “ጸልየን ደረስንበት” የሚለው ቃል አፍ ማዘጊያ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ቢቆጠር መከራከር ይቻላል፤ “ፈቃደ እግዚአብሔር ነው” ከተባለ ግን ማን ይከራከራል? የከፋት ሲስተር ከአለቃዋ ጋር ሳይሆን ከፈጣሪ ጋር የተጣላች ትመስላለች። ይህን ለሲስተር አነሣሁባቸው። አልተቆጡም። “ለዚህ እኮ ነው ወረቀቱ ምስጢር የሆነው” አሉኝ። “ጸልየሽ ስትጨርሺ ማንም የማያየው ወረቀት ላይ ብቻሽን ትጽፊያለሽ። እግዚአብሔር የተናገረውን አለቃዋ ብቻ ሰምታው ቢሆን ኖሮ ወረቀት ምን ያደርጋል?”

እኔ ካነበብኩትም ከሰማሁትም ይህቺን ነው የያዝኳት። ጸጥታው ያለ ምስጢራዊ ወረቀት ማስፈራሪያ ይሆናል። ወረቀቱም ያለ ጸጥታው እኛን ይሆናል፤ 17 ለ13 ይሆናል።

አገራችን ውስጥ ብዙ የሚወራው ስለ ወረቀቱ ነው። ኮሮጆው፣ ታዛቢው፣ ቆጠራው። ልክ ነው፣ ያ ሳይስተካከል ምንም የለም። ግን ከወረቀቱ በፊት ስላለው ወርና ከወረቀቱ በኋላ ስላለው ጠዋት ማን ያወራል? እኛም እኮ ከዚህ አገር ተነሥተን የምንሄድ አይደለንም። (የቻለ ሄዷል፤ እሱም ቢሆን በስልክ አብሮን ቁርስ ይበላል።) የተሸነፈው የት ይቀመጣል? የለቀቀውስ? በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በፈቃዳቸው መልቀቂያ ሲያስገቡ አገሩ “ይቻላል እንዴ?” ብሎ ነበር የደነገጠው። የሚለቅ ሰው ስላላየን የሚለቅ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር አልሠራንም።

ሲስተርን በመጨረሻ የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው። “ሲለቁ አልከበደዎትም?”

“ቁልፍ ማስረከቡ አልከበደኝም” አሉኝ። “በማግሥቱ ቁርስ ላይ አንዷ ‘ስኳር አልቋል’ ስትል ቀና አልኩ። ሁሉም ግን አዲሷን ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ ትንሽ ሆዴን ባር ባር አለው። ከዚያ ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ።”

እንግዲህ የእድር፣ የማኅበር፣ የሠራተኛ ኮሚቴ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ምርጫ ያላችሁ ሁሉ፣ መነኮሳት ሁኑ አልላችሁም። “ማን?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ያስፈልገናል?” በሉ። አንድ ቀን ሁላችሁም ጣጣውን ብቻ፣ አንድ ቀን ሁላችሁም ጥቅሙን ብቻ ተናገሩ። የሚለቅበትን ቀን ጻፉ። ድምፁን በወረቀት፣ በምስጢር ስጡ። ለሚለቀው ሰው ደግሞ ከመካከላችሁ አንድ ወንበር አዘጋጁለት፤ ፕላስቲክም ቢሆን ግድ የለም።